ብረት ያዢ፣ ብረት አትያዢ

መምህራችን ኮምፓሱን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት የጂኦግራፊ ክፍላችን ተማሪ በሙሉ ከወንበሩ ተነሣ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ የነሐስ ሣጥን ነው። ክዳኑ ሲከፈት መስታወቱ ሥር ቀጭን መርፌ ትንቀጠቀጣለች። ጥቂት ወዲህና ወዲያ ካለች በኋላ ትረጋና ቀይ ጫፏን ወደ ሰሜን አድርጋ ትቆማለች። ክዳኑ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ አሻግሮ አንድ ዛፍ ወይም አንድ ቤት የሚያይ ሰው፣ ያ ነገር በስንት ዲግሪ ላይ እንደሆነ ከሥር ማንበብ ይችላል።

“ዝዋይ ሐይቅ እንሄዳለን” አሉ መምህራችን። “ከዳር እስከ ደሴቷ የውኃውን ጥልቀት እንለካለን። ጀልባዋ ከመስመር ከወጣች የለካነው ሁሉ ካርታ ላይ የት እንደሚያርፍ አናውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ኮምፓስ ይዞ ፊት ይቀመጣል። ሌላ ሥራ የለውም።”

እጄን አላወጣሁም። አንደኛ ዓመት ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ እጄን ለማውጣት እስክወስን ሌላው ጥያቄውን መልሶ ይቀመጣል። ግን መምህራችን ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺ ያዢው። ቁጥር ስታነቢ ሁለቴ ታያለሽ።”

ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ዝም አላለም። ሰፈሩ አብነት ስለሆነ ሁላችንም የአብነቱ ልጅ ነው የምንለው። “እሷማ የምግብ አዳራሹንም ሾርባ ሁለቴ ነው የምታየው” አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ነውና።

መምህራችን ኮምፓሱን ሲሰጡኝ አንድ አደራ አሉኝ። “ብረት አታስጠጊበት። ቁልፍ፣ የፀጉር መርፌ፣ ቢላዋ፣ ምንም። ብረት አጠገቧ ካለ መርፌዋ ትዋሻለች። ጀልባው ላይ ብረት ይዘሽ ከመጣሽ ኮምፓሱን እሱ ይይዘዋል።” እሱ ያሉት የአብነቱን ልጅ ነው።

“ጓዲት፣ ከመርካቶ ጥሩ ምስማር ላምጣልሽ?” አለኝ ስንወጣ።

ኮምፓሱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በሹራቤ ሸፍኜ፣ ወደ ልደታ ሄድኩ። ሜክሲኮ ድረስ በውይይት ታክሲ ነበር የሄድኩት። ውይይት ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ምንም ነገር ተደብቆ አይቀርም። መርፌዋ መኪናው ውስጥ ምን እንደምትሆን ለማየት ጓጓሁና ክዳኑን ገለጥ አደረግሁ። እንደ ሰከረ ዝንብ ዞረች።

“ሰዓቱ ተበላሸብሽ ልጄ?” አሉኝ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ።

“ሰዓት አይደለም አባባ። ሰሜንን የሚያሳይ ነው።”

“ሰሜን ጠፍቶ ነው?” አሉ፤ ተሳፋሪው በሙሉ እስከ ሜክሲኮ ሲስቅ ሄደ።

ግቢያችን በር ላይ የቆርቆሮ ሱቅ አለ። ባለሱቋ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ የምላት ጎረቤታችን ናት። እሷ ከስልጤ፣ እናቴ ከጎጃም መጥተው ልደታ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ በግድግዳው በኩል ሳያወሩ የዋሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። እትዬ ደረቴ ላይ ያለውን አየች።

“ምንድን ነው ያንጠለጠልሽው?”

አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና “እንግዲያው ቂብላን ታሳያለቻ!” አለች። መካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ናት፤ ካርታ ላይ አይቼዋለሁና ታሳያለች አልኳት። ወደ ሱቁ ውስጥ ጎትታ አስገባችኝ። መስገጃዋ ሁልጊዜ ሳሙና ወደተደረደረበት መደርደሪያ ነው የሚነጠፈው። ኮምፓሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። መርፌዋ ዞራ ዞራ፣ ከመደርደሪያው በተቃራኒ፣ ሚዛኑ ላይ ቀይ ጫፏን አነጣጥራ ቆመች።

እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ያ አላህ! ይኼን ሁሉ ዘመን ወደ ሳሙና ነው የሰገድኩት?”

ሰውን ማስቀየም አልወድም፤ የአንዲት ደግ ሴት ጸሎት ላይ ስሕተት ማግኘት ደግሞ ከማስቀየም ይብሳል። መምህራችን ያሉት ትዝ ያለኝ የሚዛኑን የብረት ድንጋዮች ሳይ ነው። “እትዬ፣ ውጪ እንውጣ” አልኳት። ከቆርቆሮው ራቅ ብለን መንገዱ መሃል ቆምን። መርፌዋ አሁን ሳትጣደፍ ዞረች፤ ቀይ ጫፏ በሱቁ በር አልፎ በቀጥታ ወደ ሳሙናው መደርደሪያ አመለከተ።

“አልሐምዱሊላህ!” ብላ አቀፈችኝ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። “እውነተኛ ናት። ብረቱ ነው ያሳሳታት። በይ ነይ፣ ለመርፌዋም ላንቺም ከረሜላ ውሰጂ።”

እናቴ በራችን ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ኮምፓስ ተሰጠኝ ስላት “ኮምፓስማ ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ ገዝቼልሽ አልነበር? ክብ የሚሠራውን? ጣልሽው?” አለች። ይኼ ሌላ መሆኑን፣ ከመላው ክፍል እኔ መመረጤን፣ በጀልባ ሐይቅ ላይ እንደምሄድ በደስታ ነገርኳት። ሐይቅ ስል እንዝርቷ ቆመ።

“ውኃ ላይ?”

“በጀልባ ነው እማዬ።”

“ጀልባው ታዲያ ምን ላይ ነው?” አለች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና ከሣጥን ሥር አንዲት ሰንጢ ይዛ ወጣች። እጀታዋ የቀንድ ነው፤ ስለቷ ከመሳል ብዛት ቀጥኗል። “አንቺን ስወልድ ትራሴ ሥር የነበረች ናት። አራስ ብረት ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ውኃ ባለቤት አለው፤ ብረት ይፈራል። ወንዝ ዳር ያደግሁት እኔ ነኝ፣ አስተማሪሽ አይደለም። ውኃ ላይ አንቺም አራስ ነሽ። ብረት ያዢ።”

“መምህራችን ብረት አትያዢ ብለዋል።”

“ብረት ካልያዝሽ አትሄጂም።”

በቃ። እናቴ ድምፅዋን ሳታሰማ ስትናገር ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ብረት ከያዝኩ ኮምፓሱ የአብነቱ ልጅ ነው፤ ካልያዝኩ ዝዋይ የለም። ለሌላ ሰው ቀላል ይሆን ይሆናል። ሰንጢዋን ተቀብሎ፣ ጥግ ላይ አስቀምጦ፣ ሄዶ መምጣት ነው። እኔ ግን እናቴን እሺ ብዬ እንቢ ማለት አይሆንልኝም፤ መምህሬንም እንደዚያው። ሁለቱም ደስ እንዲላቸው ነበር የምፈልገው። ያን ሌሊት ሰንጢዋን ከኮምፓሱ አርቄ፣ እኔ መሃል ሆኜ ተኛሁ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መርፌዋ የማትሰማው ብረት ቢኖርስ? የእንጨት ጠረጴዛችንን ግቢው መሃል አወጣሁና ኮምፓሱን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ የቤታችንን ዕቃ አንድ በአንድ ማምጣት ጀመርኩ። እትዬም ሱቋን ዘግታ መጣች። ሰንጢዋን ሳስጠጋ መርፌዋ ተንጠራርታ ተከተለቻት። መቀሱንም ተከተለች። የበር ቁልፉንም ተከተለች። ጣሳውን ሳመጣው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለጣሳው ተሸነፈች።

“ቆይ ይኼንን” አለች እትዬና ከኩሽና ብረት ድስቱን አመጣች። አስጠጋነው፤ መርፌዋ ዝም። ከላይዋ ልንደፋባት ስንደርስም ዝም።

ጮኽኩ። “እማዬ! ብረት ድስቱን አታውቀውም!”

እናቴ በጥርጣሬ መጣች። የድስቱ ክዳን ትንሽ ናት፤ ሹራቤ ሥር ትገባለች። አልሙኒየም እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስሙ ብረት ድስት ነው። ይኼንኑ በትሕትና አቀረብኩ። “ስሙ ራሱ ብረት ነው እኮ እማዬ።”

“ስሙማ ነው” አለች እናቴ፣ ክዳኑን እያገላበጠች።

“እንዴ!” አለች እትዬ። “ሰይጣን ስም ነው እንዴ የሚያነበው? መርፌ የማይፈራውን እሱ ይፈራል?”

እናቴ ክዳኑን መለሰችልኝ። እትዬ ለእኔ ልታግዝ መጥታ ለእናቴ አገዘች። ቅር ብሎኝ ሰንጢዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና ኮምፓሱ እንዲረጋ ብዬ ነጠላዬ ውስጥ ጠቀለልኳት። እናቴ ዞር ስትል አጣቻት።

“ብረቱስ?” አለች ጮክ ብላ። “ብረቱን የት ደበቅሽው? ነግሬሻለሁ፣ ብረት ሳይዙ አይኬድም!”

ብረት የሚባል ቃል በሰላም ጊዜ ስለ ብረት ነው የሚናገረው። በእኛ ዘመን ግን ብረት ማለት ጠመንጃም ነው፤ የተደበቀ ብረት ደግሞ ቀበሌ የሚፈልገው ነገር ነው። በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆመ። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው፤ ከሦስት ቤት በታች የሚኖር፣ ዘወትር ጋሼ የምለው ሰው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ገፍቶ ገባ።

“እትዬ፣ እንደምን ዋላችሁ” አላት እናቴን፣ በጣም በጨዋ ድምፅ። “የምን ብረት ነው የተደበቀው?”

ነጠላዬን ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ናት። “ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ግባ፤ ሰንጢ ናት! ለሐይቅ ሰይጣን ናት!”

“ለማን?”

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመርን። እናቴ ስለ ውኃው ባለቤት፣ እትዬ ስለ ሳሙናው፣ እኔ ስለ መምህራችን። ጋሼ ግራ ገብቶት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ያን ጊዜ መርፌዋ ሰሜንን ትታ ወደ እሱ ዞረች። ወደ ግራ ሲሄድ ተከተለችው። ወደ ቀኝ ሲመለስ አብራ ተመለሰች።

“ምን አድርጌያት ነው?” አለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያለ።

“እውነተኛውን ብረት አግኝታ ነዋ!” አለች እትዬ፣ ወደ ጠመንጃው እየጠቆመች። ጋሼ ያን ቀን የሳቀውን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዞረ፣ አጎነበሰ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ፤ መርፌዋ በሁሉም ተከተለችው። ሲደክመው እየሳቀ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ መርፌዋ ተወችው። ቀስ ብላ ዞራ በሰሜኗ ላይ ረጋች።

እናቴ ይኼንን አየች። አንድ ጊዜ ጋሼን፣ አንድ ጊዜ መርፌዋን ተመለከተች።

“ሲርቅ ትተዋለች?” አለችኝ።

“አዎ እማዬ። ከራቀ አትሰማውም።”

“ጀልባው ይረዝማል?”

“መምህራችን ካሉት፣ ከዚህ እስከ በሩ ይሆናል።”

ከጠረጴዛው እስከ በሩ ያለውን በዓይኗ ለካች። “እንግዲያው ሰንጢዋ ጭራው ላይ ትቀመጥ” አለች በመጨረሻ።

ደስታዬ ገና አፌ ሳይደርስ እትዬ ጣልቃ ገባች። “ጭራው ላይ ከሆነች ግን ልጅቷ መች ያዘች? የያዘው ነጂው ነው።”

ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ግን ወደ በራችን ሄዳ ትናንት የፈተለችውን ድርና ማግ ይዛ መጣች። ፈትሉን በጥንድ አድርጋ አከረረችው፤ አንዱን ጫፍ ሰንጢዋ እጀታ ላይ አሰረች፤ ሌላውን የግራ አንጓዬ ላይ። “ብረቱ እዚያ ጫፍ፣ አንቺ እዚህ ጫፍ። እጅሽ ላይ ከታሰረ ይዘሻል ማለት ነው። ምንም የሚከራከረው ነገር የለም።” የማይከራከረው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መሞከር ነበረብን። ረጅሙን አግዳሚ ወንበር አወጣን። እኔ ከፊት ኮምፓሱን ይዤ፣ እትዬ መሃል፣ እናቴ ከጭራው ሰንጢዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጥን። ፈትሉ በእትዬ ጭን ላይ አልፎ ሄደ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። እትዬ መጥረጊያውን አንሥታ መቅዘፍ ጀመረች፤ እናቴ “ቀስ! ታሰምጪናለሽ!” እያለች ነጠላዋን ሰብስባ ያዘች። ጋሼ በሩ ላይ እንደቆመ ደረቱን ነፋ።

“ቁሙ! ወዴት ነው?”

“ዝዋይ!” አልን ሦስታችንም።

“የይለፍ ወረቀት አላችሁ?”

እናቴ ከሳቋ የተነሣ ከአግዳሚው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ኮምፓሱን ዘግቼ እሷን ብቻ አየሁ።

ዝዋይ የደረስነው ሐይቁ ገና እንደ ብርጭቆ ረግቶ ሳለ ነው። ማዶ ደሴቷ ትታያለች፤ አናቷ ላይ አንድ ብቸኛ ዛፍ አለ። ጀልባው ላይ ከመውጣቴ በፊት መምህራችን ዘንድ ሄጄ ሰንጢዋንና ፈትሉን አሳየኋቸው፤ የእናቴንም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የአብነቱ ልጅ ከጎናቸው ነበር።

“ኧረ ካፒቴናችን ከነእትብቷ መጣች!” አለ። ፊቴ ጋለ።

መምህራችን ግን አልሳቁም። ከፊት አስቀመጡኝ፤ ሰንጢዋን ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጧት። ፈትሉን በጀልባው ዳር ዘርግተው ጫፉን ግራ አንጓዬ ላይ አሰሩት። ከዚያ መጥተው በትከሻዬ አሻግረው መርፌዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

“መርፌዋ ካልተቃወመች እኔም አልቃወምም” አሉ። “ዛፉ ስንት ላይ ነው?”

በስንጥቁ አየሁ። ሁለቴ አየሁ። “መቶ አሥር ዲግሪ።”

“እንግዲህ ደሴቷ እስክንደርስ መቶ አሥር ይሁን። ነፋስ ይገፋናል፤ ጀልባው ወደ ዛፉ የዞረ እየመሰለሽ ከመስመሩ ይወጣል። ቁጥሩ ካደገ ወደ ግራ ተገፍተናል፣ ቀኝ በይ። ካነሰ ወደ ቀኝ ተገፍተናል፣ ግራ በይ።”

ጀልባ ነጂው የደሴቷ ሰው ነው፤ ነጭ ጥርስ ያለው፣ ብዙ የማይናገር። ሞተሩን ሳበው። ዳሩ ከኋላችን ቀረ፤ ትላልቅ ነጭ ወፎች ከቄጤማው ተነሥተው በላያችን ዞሩ። ውኃ ላይ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። ከሥሬ መሬት እንደሌለ አውቄው ነበር፤ እንዲህ እንደሚያስደስት ግን ማንም አልነገረኝም። የአብነቱ ልጅ መሃል ተቀምጦ ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ይዟል። እየቆምን ድንጋዩን ያወርዳል፣ ጥልቀቱን ይጠራል፣ መምህራችን ይጽፋሉ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

ብዙም ሳንርቅ ነፋሱ ተነሣ። መቶ አሥር የነበረው መቶ አሥራ ሁለት ሆነ።

“ቀኝ!” ብዬ ጮኽኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። “ቀኝ!”

“እኔ ልንገረው!” አለ የአብነቱ ልጅ፣ እጁን ዘርግቶ ለነጂው እየጠቆመ። እሱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው የተቀመጠው፤ የእሱ ቀኝ የእኔ ግራ ነው። ጀልባው ወደተሳሳተው ጎን ዞረ። መቶ አሥራ አምስት። መቶ አሥራ ስምንት።

“በሌላው ቀኝ!” አልኩት።

“ስንት ቀኝ ነው ያለሽ?” አለኝ በንዴት።

መምህራችን ከጽሑፋቸው ቀና ብለው አዩኝ። የመጀመሪያው መስመር ተበላሽቶ እንደገና ከዳር ብንነሣ ኮምፓሱ እጄ ላይ እንደማይቆይ አሰብኩ። በድንጋጤ ግራ እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ፈትሉ ተወጠረ። ከኋላ ነጂው እግሩን የነካው ነገር እንዳለ ወደ ታች አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። ሞተሩን አቀዘቀዘ።

“አንቺ ነሽ የጎተትሽው?”

“እኔ ነኝ። ይቅርታ።”

“ጥሩ ነው” አለ። ፈትሉን አንሥቶ ሌባ ጣቱ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመው። “አንድ ስትስቢ በስተቀኝሽ ልሂድ፣ ሁለት ስትስቢ በስተግራሽ። አይሻልም?”

አንድ ሳብኩ። የጀልባው አፍንጫ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። መቶ አሥራ አምስት፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አሥር። ሌላ ሳልስብ ጀልባው መስመሩን ያዘ። ከአንጓዬ እስከ ጣቱ ድረስ ጀልባው የእኔ አካል የሆነ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጮኸም። ነፋሱ ሲገፋን እስባለሁ፤ እሱ ይመልሳል። የአብነቱ ልጅ ፈትሉ በጉልበቱ አጠገብ ወዲህና ወዲያ ሲል እያየ “ስልክ አስገባችበት እኮ!” አለ።

ከመንገዱ አጋማሽ አልፈን ፊት ለፊታችን ጥቁር ድንጋዮች አየሁ።

“ድንጋይ ነው” አለ የአብነቱ ልጅ።

አንዱ ድንጋይ ጆሮውን አራገበ።

“ጉማሬ ነው” አለ ነጂው፣ ሳይቸኩል። የአብነቱ ልጅ ገመዱን ጥሎ የመምህራችንን ክንድ ያዘ። መስመራችን በቀጥታ በመሃላቸው ያልፋል። መምህራችንን አየሁ፤ አንገታቸውን ወደ ግራ ነቀነቁ። ሁለት ሳብኩ። በሰፊው ዞርን፤ ጉማሬዎቹ በስተቀኛችን እየተነፈሱ አለፉ። በስንጥቁ ውስጥ ዛፉ እየሸሸ ነበር፤ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ ሦስት። አልፈራሁም። መንገዱን እንደማገኘው አውቅ ነበር። ጉማሬዎቹ ወደ ኋላ ሲቀሩ አንድ ሳብኩ፤ ቁጥሩ አንድ በአንድ እየወረደ መጣ። መቶ አሥር ሲሆን ዛፉ በስንጥቁ መሃል ገብቶ ቆመ። ሳላስበው “ደረስኩብህ!” አልኩት።

ደሴቷ ዳር ስንደርስ ዛፉ ስንጥቁን ሞልቶት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ አነበብኩ፤ ከዚያ ደግሜ አነበብኩ። መቶ አሥር። ጀልባው አሸዋ ሲነካ ፈትሉን ከእጄ ፈትቼ ከነጫማዬ ውኃው ውስጥ ዘለልኩ። ጉልበቴ ድረስ ረጠብኩ፤ ሳቄም አልቆመም።

መምህራችን ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ነጥቦቹን ተከሉ። ከዳር እስከ ደሴቷ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ከተነሣንበት ዳር አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ ወጣ ያለች ነጥብ አለች፤ እሷን ደግሞ ከመሃል አለፍ ብሎ አንዲት ጎበጥ ያለች ጉብታ ትከተላለች። በመጀመሪያዋ ላይ ለአብነቱ ልጅ ክብር ሲሉ “ሌላው ቀኝ” ብለው ጻፉ። በጉብታዋ ላይ “ጉማሬ” ብለው ጻፉ።

“ስንመለስስ መምህር?” አላቸው ልጁ፣ ኮምፓሱን እያየ።

“ስንመለስም እሷ ናት” አሉ። “አንተ ገመድህን አትጣል።”

ቤት ስገባ እናቴ በመጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ ሰንጢዋን አየች። ሁለቱም እንደተመለሱ ካረጋገጠች በኋላ “ቀጥ ብላችሁ ደረሳችሁ?” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ጉማሬውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

በማግሥቱ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቶ ነበርና አብረን ተሰለፍን። ወረፋው እስከ መንገዱ ማዶ ይደርሳል። እናቴ ከፊቷ ላለችው ሴት ማውራት ጀመረች፤ ከዚያ ከኋላ ላሉት፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። በእሷ አፍ ነፋሱ ማዕበል ሆነ። ጉማሬው ከጀልባው በለጠ። መምህራችን መላው ጠፍቷቸው “አንቺ ልጅ፣ እንዴት እናድርግ?” ብለው ጠየቁኝ። ጀልባዋ ሰልፉ ወደፊት በሄደ ቁጥር እያደገች መጣች፤ በሩ ጋ ስንደርስ መርከብ ነበረች። የእኔ ጆሮ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር አይችልም፤ ሦስት ጊዜ ላርም አፌን ከፈትኩ።

ከፊታችን ያለችው ሴት ዘወር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። “እውነት አንቺ ነሽ መርከብ የመራሽው?”

እናቴ እኔን አየችኝ። ፊቷ ግቢያችን ውስጥ አግዳሚው ላይ እንደነበረው ሁሉ በርቶ ነበር።

“ትልቅ ነበረች” አልኩ።